በሁለት ባቡር መካከል ያለው ደቂቃ

(የመክፈቻ ሙዚቃ)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ከተማ ባቡር ነው፤ አዲስ መስመር እንዴት ይታቀዳል፣ እንዴትስ ይሠራል የሚለውን እናያለን። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አቅርቡ፤ መሐል ላይ ትንሽ ሒሳብ አለችን። አትፍሯት፤ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ናት።

አንድ ከተማ የባቡር መስመር ሊዘረጋ ነው ሲባል ዜናው ሁልጊዜ በሁለት ቁጥር ይጀምራል፤ ስንት ኪሎ ሜትርና ስንት ሚሊዮን ዶላር። ሪባን ሲቆረጥም የሚነበበው ይኸው ነው። ጣቢያ ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ግን ሁለቱም ምኑም አይደሉም። እሱ የሚፈልገው ሦስተኛ ቁጥር ነው፤ አንዱ ባቡር ከሄደ በኋላ የሚቀጥለው በስንት ደቂቃ ይመጣል? ዛሬ ይህን የደቂቃ ነገር ይዘን እንሄዳለን። ሃዲዱም፣ ጣቢያውም፣ ጥገናውም፣ ብድሩም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና።

ዋናው ምሳሌያችን ቅርብ ነው፤ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር። አለፍ ብለን ደግሞ ለንደን ጎራ እንላለን። የአገራችንን ዓመት በኛ አቆጣጠር፣ የውጭውን በፈረንጆቹ እጠራለሁ።

የአዲስ አበባው ሥራ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። የገነባው የቻይና የባቡር ምህንድስና ኩባንያ ሲሆን፣ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ 85 በመቶውን ያበደረው የቻይናው ኤግዚም ባንክ ነው። ከቃሊቲ ተነሥቶ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚወጣው የሰሜን–ደቡብ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር በጥቅምት መጨረሻ ተከተለ። ሁለቱ በአንድ ላይ 39 ጣቢያዎች አሏቸው። አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ይህን ያህል መሥራት ፈጣን ነው፤ ማንም ቢሆን ሊክደው አይገባም።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስና፣ ዶማ ከመነሣቱ በፊት ምን ይሠራል?

ጥናቱ የሚጀምረው ሰው በመቁጠር ነው። ማለዳ ማን ከየት ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል? አያት፣ ሲኤምሲ፣ ጉርድ ሾላ የሚያድረው ሕዝብ ጠዋት ወደ መሐል ከተማ ይጎርፋል፤ ማታ ይመለሳል። ስለዚህ መሐንዲሱ «በቀን ስንት ሰው ይጓዛል?» በሚለው ቁጥር አይረካም። የቀን ድምር ያታልላል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ግማሹ ወንበር ባዶ የሆነውንና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩ አልዘጋ ያለውን ባቡር ደምሮ አማካይ ይሰጣችኋል። የሚፈለገው ሌላ ነው፤ ሰው በሚበዛበት አንድ ሰዓት፣ በሚበዛበት አቅጣጫ፣ በሚበዛበት የመስመሩ ክፍል ስንት ሰው ያልፋል? በዓለም ላይ ያሉ የከተማ ትራንስፖርት መሐንዲሶች ሁሉ የሚግባቡት በዚህ መለኪያ ነው፤ በሰዓት፣ በአንድ አቅጣጫ።

ይህ ሲታወቅ የመጓጓዣው ዓይነት ይመረጣል። ከመኪና ጋር እየተጋፋ የሚሄድ አውቶቡስ ጥቂት ሺህ ሰው ካመላለሰ ጥሩ ነው። አውቶቡሱ የራሱ መንገድ ሲሰጠው ግን ነገሩ ይለወጣል። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ በ2000 ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን የፈጣን አውቶቡስ ሥርዓት ከፈተች፤ በተጨናነቀው ክፍሉ በሰዓት በአንድ አቅጣጫ ከ40,000 በላይ ሰው ያሻግራል። ብዙ ቀላል ባቡሮች እዚህ ቁጥር አጠገብ አይደርሱም። እዚህ ላይ የራሴን ልጨምርና፣ ባቡር ሁልጊዜ ከአውቶቡስ ይበልጣል የሚለው እምነት ብዙ ጊዜ ከሒሳብ ይልቅ ከክብር የመጣ ይመስለኛል። ባቡር ፎቶ ላይ ያምራል። ባቡር በእውነት የሚረታው መንገዱ ጠባብ ሆኖ ሰዉ ሲበዛና አንዱ ባቡር ከሌላው ኋላ ሳይዘገይ መከታተል ሲችል ነው። አለዚያ ውድ አውቶቡስ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ሒሳቡን እንጀምር። የአዲስ አበባው አንድ ባቡር ተቀማጩም ቋሚውም ተደምሮ 286 ሰው እንዲጭን የታሰበ ነው። በየ6 ደቂቃው አንድ ባቡር ይምጣ እንበል። በሰዓት 10 ባቡር ይሆናል። 10 ጊዜ 286፤ 2,860 ሰው። ይህን 12 ሰው ለሚጭን ሚኒባስ አካፍሉት። 238 ሚኒባስ ይመጣል፤ በደቂቃ አራት ማለት ነው።

ትንሽ ቆም በሉ እዚህ ላይ። በየ6 ደቂቃው የሚመጣ ነጠላ ባቡር በደቂቃ አራት ታክሲ ከሚያልፍበት መንገድ ጋር እኩል ነው። ቀላል ቁጥር አይደለም፤ ግን ተአምርም አይደለም። ደቂቃውን ወደ 3 አውርዱት፤ 5,720 ሰው። ሁለት ባቡር ተቀጣጥሎ በየ3 ደቂቃው ቢሄድ 11,440። አያችሁ፣ ሃዲዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ሳይጨመርበት አቅሙ አራት እጥፍ አደገ።

መስመሩ ሲሠራ ይነገርለት የነበረው አቅም በሰዓት በአንድ አቅጣጫ 15,000 ሰው ነበር። እንዴት ይገኛል? ሁለቱን ባቡር አቀጣጥለን 572 ሰው እንጭናለን፤ 15,000ን ለ572 ስናካፍል በሰዓት 26 ጉዞ ይሆናል። ለአንድ መስመር ብቻ ከሆነ የሚቻል ነው። ግን አንድ ነገር ዘንግተናል።

ልደታ፣ ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሀርና ስታዲየም የሁለቱም መስመሮች ጣቢያዎች ናቸው። ወደ 2.7 ኪሎ ሜትር በሚሆነው በዚህ ክፍል የቃሊቲውም የአያቱም ባቡር በአንድ ሃዲድ ላይ ይሄዳሉ። ሲታቀድ ጥሩ ምክንያት ነበረው። ከተማው መሐል ላይ ሁለት መንገድ ከመቅደድ አንዱ ይረክሳል፤ ተሳፋሪውም ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲቀይር ደረጃ መውጣት መውረድ የለበትም፣ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ይሁንና ነገሩ እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤ ከሁለት ሰፈር ሁለት ሰልፍ ቢመጣም ድንጋዩ አንድ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር በሰዓት 26 ባቡር ከተፈለገ በጋራው ክፍል 52 ማለፍ አለበት። 3,600 ሰከንድን ለ52 አካፍሉት፤ በየ69 ሰከንዱ አንድ ባቡር። ባቡር ጣቢያ ገብቶ፣ በር ከፍቶ፣ ሰው አውርዶና ጭኖ፣ በር ዘግቶ እስኪወጣ ግማሹ ደቂቃ አልቋል። እንደ ሞስኮ ያሉ በዚህ ሥራ አንቱ የተባሉ ሜትሮዎች እንኳ ወደ 90 ሰከንድ ሲደርሱ ይኮራሉ፤ እነሱም በአንድ ሃዲድ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያስኬዱት።

ስለዚህ የጋራው ክፍል በሦስት ደቂቃ አንድ ባቡር ቢያሳልፍ፣ የአያት ሰው የሚደርሰው በየ6 ደቂቃው ነው፤ የቃሊቲም ሰው እንዲሁ። ከዚያ በጣም ዝቅ ማለት የፈለገ ከተማ አንድ ቀን መስመሮቹን መለያየት ግድ ይለዋል። ንድፉ ላይ ርካሽ የነበረችው ያቺ አጭር ክፍል የሁለቱንም ረጃጅም መስመሮች ዕጣ ወስናለች።

አሁን ደግሞ የባቡሩን ብዛት እንቁጠር። ለሁለቱ መስመሮች የተገዛው 41 ባቡር ነው። ይበቃል ወይ? እኔ የምሰጣችሁ ግምት ነው፤ አሠራሩን ግን ያሳያል። እያንዳንዱ መስመር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ ጣቢያ ላይ የሚቆምበት ሁሉ ተቆጥሮ በሰዓት በአማካይ 20 ኪሎ ሜትር ይሂድ። ከጫፍ ጫፍ 51 ደቂቃ ይፈጅበታል። ደርሶ መልስ 102። በሁለቱም ጫፍ ሹፌሩ ከአንዱ ጋቢና ወደ ሌላው እስኪሻገርና ሰዓቱ እስኪስተካከል 6፣ 6 ደቂቃ ጨምሩ፤ 114 ደቂቃ። በየ6 ደቂቃው አንድ እንዲመጣ 114ን ለ6 እናካፍላለን። 19 ባቡር። ሁለት መስመር ስለሆነ 38።

41 ሲቀነስ 38፣ ሦስት ይቀራል። ለጥገና፣ ለእጥበት፣ ለአደጋ፣ ለድንገተኛ ብልሽት የተቀመጠው መጠባበቂያ ሦስት ባቡር ነው ማለት ነው። በሌላው ዓለም ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነውን መጠባበቂያ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ከ41 ውስጥ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ያህል። እንግዲህ ገና ከግዢው ውል ላይ ሲታይ፣ ሥርዓቱ ሁሉ ነገር ከሞላለት በየ6 ደቂቃው የሚያገለግል፣ አንድ ነገር ከጎደለበት ግን ቶሎ የሚንገዳገድ ነበር።

የጎደለውም ብዙ ነው። ከ41ዱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመለዋወጫ እጥረት የቆሙበት ጊዜ እንደነበረ የባቡሩ ኃላፊዎች ራሳቸው ለመገናኛ ብዙኃን ተናግረዋል። ሒሳባችንን ብንደግመው፣ 19 ባቡር ብቻ ካለ ለአንድ መስመር ዘጠኝ ወይም አሥር ይደርሳል፤ ጥበቃው 12 ደቂቃ ይሆናል። 10 ብቻ ካለ ለአንዱ አምስት፤ ጥበቃው ወደ 23 ደቂቃ። በ12 ደቂቃ ሲሆን በሰዓት 1,430 ሰው ብቻ ነው የሚያልፈው፤ በደቂቃ ሁለት ሚኒባስ። ለዚህ ብሎ ሰፊ ጎዳና ለሁለት መክፈልና አጥር ማጠር ያስቆጫል።

ባቡር ላይ ምኑ ነው የሚያልቀው? በመጀመሪያ የሚያልቀው የብረት ጎማው ነው። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ በቀጥታ መስመር ብዙ ይቆያል፤ ኩርባ ላይ ግን የጎማው ከንፈር ከሃዲዱ ጎን ጋር እየተፋጨ ይበላል። ኩርባው በጠበበ ቁጥር መበላቱ ይፈጥናል። ከተማ መሐል አደባባይ እየዞረ የሚያልፍ መስመር ኩርባ አያጣም። ጎማው ከላይ ሳስቶ ቅርጹን ሲያጣ በመቁረጫ ማሽን ይስተካከላል፤ ደጋግሞ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ይጣላል። በአዲስ አበባ ሁለት የጥገና ማዕከሎች አሉ፤ አንዱ አያት፣ ሌላው ቃሊቲ። ማዕከሉ ቢኖርም ጎማው፣ የፍሬኑ ሸራ፣ ከላይ ኤሌክትሪክ የሚስበው ክንድ ካርቦን፣ የኤሌክትሮኒክሱ ካርድ ከውጭ ነው የሚመጣው። በዶላር።

እዚህ ላይ ነው ገንዘቡና ደቂቃው የሚገናኙት። አገልግሎቱ ሲጀምር የትኬቱ ዋጋ እንደ ርቀቱ ከ2 ብር እስከ 6 ብር ነበር። ያኔ አንድ ዶላር 21 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ተለውጦ፣ ብዙም ሳይቆይ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። ገቢው በብር፣ ወጪው በዶላር፤ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነው ብድርም በዶላር። የትኬት ዋጋ ዝቅ ማለቱን እኔ አልነቅፍም፤ ድሃው ካልተሳፈረበት ለማን ተሠራ? ነገር ግን በትኬት የማይሸፈነው በሌላ መሸፈን እንዳለበት ከመጀመሪያው ውል ውስጥ መግባት ነበረበት። ባቡሩን የሸጠው ኩባንያ ለ10 ወይም ለ15 ዓመት መለዋወጫ እያቀረበ እንዲጠግን አብሮ መዋዋል በብዙ ከተሞች የተለመደ ነው። ዋጋው መጀመሪያ ላይ ከፍ ይላል፤ ጥቅሙ ደግሞ አምስተኛው ዓመት ላይ ይታያል።

ሌሎች ከተሞች ገንዘቡን ከየት ያመጣሉ ብትሉ፣ አንዱ ምንጭ መሬት ነው። ጣቢያ ሲሠራ አካባቢው ይወደዳል። የሆንግ ኮንግ ሜትሮ ኩባንያ በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ የሚሠራውን ሕንፃ ራሱ እያለማ ከዚያ ያተርፋል። ለንደን ከ2010 ጀምሮ በከፍተኛ ኪራይ ግምት ላይ ያሉ የንግድ ቤቶች ከመደበኛው ግብር በላይ፣ በኋላ ለማነሣው አዲስ የባቡር መስመር መዋጮ እንዲከፍሉ አድርጋለች። መሬት የመንግሥት በሆነበትና በሊዝ በሚተላለፍበት በኛ አገር ይህ ከሌላው ሁሉ ይቀልል ነበር ብዬ አስባለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ መሬቱ እንውረድ። መስመሩ በየት ይለፍ የሚለው ሲወሰን ሁለት ጌቶች አሉ፤ አንዱ ዳገት፣ አንዱ ወሰን ማስከበር።

ዳገቱን በአጭሩ ልለፈው። የብረት ጎማ በብረት ሃዲድ ላይ ስለሚንሸራተት ቀላል ባቡር ብዙውን ጊዜ መቶ ሜትር ሲሄድ ከአምስት ከስድስት ሜትር በላይ ሽቅብ እንዲወጣ አይደረግም። ከፒያሳ እስከ ቃሊቲ ያለውን ቁልቁለት የምታውቁ ሰዎች መሐንዲሱ ምን እንደገጠመው ይገባችኋል። አንዳንዱን ቦታ በድልድይ ከፍ አድርጎ፣ አንዳንዱን በዋሻ ዝቅ አድርጎ ማለስለስ ነው።

ወሰን ማስከበር ግን ሰፊ ነው። ቤትና ሱቅ ይነሣል፣ ካሳ ይከፈላል፤ ከመሬት በታች ደግሞ የውሃ ቧንቧ፣ የፍሳሽ መስመር፣ የስልክ ገመድ አለ። አብዛኛው መቼ እንደተቀበረ ካርታ ላይ የለም። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለፈ ተቋራጭ ሁሉ የሚያማርረው በጭቃው ሳይሆን በዚህ ነው፤ አንድ ቧንቧ ለማዛወር አንድ ደብዳቤ ስንት መሥሪያ ቤት ይዞራል! ታሪክም አለ። ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚያስገባው አጭር ዋሻ ሲቆፈር የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከቦታው መነሣት ነበረበት። በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፤ ሥራው ሲያልቅ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። በፋሺስቶች የተረሸኑት አባት ሐውልት ሲነሣ ከተማው ምን ያህል እንደተነጋገረበት ታስታውሳላችሁ። ይህም የዕቅድ አካል ነው፤ ሰው ለሚወደው ነገር መልስ ሳይዙ መቆፈር አይጀመርም።

ለንደን ከመሬት በታች የገጠማት ሌላ ነው። ዛሬ የኤልሳቤጥ መስመር የሚባለው ክሮስሬይል ከተማዋን ከምሥራቅ ምዕራብ ያቋርጣል። ሐሳቡ በ1974 በአንድ ጥናት ላይ ቀርቦ ነበር፤ ሕጉ በፓርላማ የጸደቀው በ2008፣ ሥራው የተጀመረው በ2009 ነው። ለ21 ኪሎ ሜትር መንገድ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ዋሻዎች፣ በድምሩ 42 ኪሎ ሜትር ተቆፈረ። ቆፋሪዎቹ እያንዳንዳቸው 1,000 ቶን ገደማ የሚመዝኑ ስምንት ግዙፍ ማሽኖች ናቸው። ሁሉም የሴት ስም ተሰጥቷቸዋል፤ ፊሊስ፣ ኤዳ፣ ቪክቶሪያ፣ ኤልሳቤጥ እያለ ይቀጥላል። የዋሻ ቆፋሪዎች ጠባቂ ናት ከምትባለው ከቅድስት በርባራ ጋር የተያያዘ የቆየ ልማድ ነው፤ ስም ሳይወጣለት ማሽን መሬት ውስጥ አይገባም።

ሊቨርፑል ስትሪት ላይ ሲቆፈር ከ3,000 በላይ የሰው አፅም ተገኘ፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተከፈተ የመቃብር ቦታ ነበር። አርኪዮሎጂስቶች አንድ በአንድ እስኪያወጡት ተጠበቀ። ቶተንሃም ኮርት ሮድ ላይ ደግሞ ማሽኑ በነባሩ ባቡር ጣቢያና በተንቀሳቃሽ ደረጃው መካከል ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ሾልኮ አለፈ፤ ላዩ ላይ ሰዉ ትኬቱን እየቆረጠ ይሄዳል። ከተቆፈረው አፈር ከ3 ሚሊዮን ቶን በላይ የሚሆነው በመርከብ ተጭኖ ዋላሲ ወደተባለች ደሴት ተወሰደና የወፎች መጠለያ ተሠራበት።

ይህ ሁሉ ቁፋሮ በ2015 አለቀ። ከባዱ ሥራ አለቀ ተብሎ ተደሰቱ። መክፈቻው ለታኅሣሥ 2018 ተቀጠረ። ሊከፈት ሦስት ወር ሲቀረው፣ በነሐሴ 2018 መጨረሻ፣ «አልደረሰም» ተባለ። ሰዉ መስመሩን የተሳፈረበት በግንቦት 2022 ነው። 14.8 ቢሊዮን ፓውንድ የተባለው ወጪ 19 ቢሊዮን ሊደርስ ጥቂት ቀረው።

ምን አዘገየው? የጣቢያዎቹ የውስጥ ሥራ አንዱ ነው፤ ሌላውና አስቸጋሪው ሲግናሉ ነው። ሲግናል ስላችሁ ቀይና አረንጓዴ መብራት ብቻ አይምሰላችሁ። ባቡር እንደ መኪና ቶሎ አይቆምም፤ ስለዚህ ፊት ያለው ባቡር የት እንደደረሰ ኋላ ያለው ማወቅ አለበት። በድሮው አሠራር ሃዲዱ በክፍል በክፍል ይከፈላል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ባቡር ካለ ሌላ አይገባም። ክፍሉ ረጅም ከሆነ ባቡሮቹ ይራራቃሉ፣ ደቂቃው ይጨምራል። በአዲሱ አሠራር ባቡሩና መቆጣጠሪያው በሬዲዮ ሳያቋርጡ ይነጋገራሉ፤ ኮምፒውተሩ የሁለቱን ርቀት በየቅጽበቱ እያሰላ፣ ለፍሬን የሚበቃውን ያህል ብቻ አራርቆ ያስኬዳቸዋል። በለንደኑ መስመር መሐል በሰዓት 24 ባቡር፣ እያንዳንዱም ከ200 ሜትር በላይ ርዝመት ኖሮት 1,500 ሰው ጭኖ የሚያልፈው በዚህ ነው።

ችግሩ መስመሩ ከመሐል ከተማ ሲወጣ በነባር ሃዲዶች ላይ መሄዱ ነው። በምሥራቅ አንድ ዓይነት ሲግናል፣ በመሐል ሌላ፣ ወደ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሲኬድ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት አለ። አንዱ ባቡር ሦስቱንም ማወቅ፣ ሳይቆም ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር አለበት። ይህ የሶፍትዌር ሥራ ነው፤ የሚጣራውም ባቡሩን ደጋግሞ በማስኬድ ብቻ ነው። ለማስኬድ ደግሞ ሃዲዱ ነጻ መሆን አለበት፤ ሃዲዱ ላይ ግን ግንበኞችና ኤሌክትሪሲያኖች ገና እየሠሩ ነበር። የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ ኃላፊዎቹ የመክፈቻውን ቀን ሙጥኝ ብለው የሙከራውን ጊዜ ማጨናነቃቸውን ተችቷል።

ልብ በሉ፣ ለንደንና አዲስ አበባ በተቃራኒ ጫፍ ነው የተሰናከሉት። አንዷ ሳትከፍት ዘገየች፤ ሌላዋ በጊዜው ከፍታ ኋላ ላይ ደከመች። ሁለቱም ጋ ግን ኮንክሪቱ አይደለም ያስቸገረው። ፎቶ የማይነሣው ክፍል ነው፤ ሶፍትዌሩ፣ መለዋወጫው፣ የጥገናው ውል።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳልሄድ፤ ጣቢያውን። የትራንስፖርት አጥኚዎች የሰውን ጊዜ ሲመዝኑ ቆሞ የሚጠበቀውን አንድ ደቂቃ ተቀምጦ ከሚኬደው ሁለት ደቂቃ ጋር ያስተካክሉታል፤ ሰው በጥበቃ የሚማረረው እጥፍ ነውና። ወደ ጣቢያው የሚወስደው እርምጃም እንዲሁ ከበድ ይደረጋል። የአዲስ አበባ ጣቢያዎች አብዛኞቹ በሰፊ መንገድ መሐል ናቸው። ተሳፋሪው የመኪናውን ጅረት ማቋረጥ፣ ወይም ድልድይ ወጥቶ መውረድ አለበት። ከባቡሩ ሲወርድ የሚቀጥለው አውቶቡስ ወይም ታክሲ እዚያው አይጠብቀውም፤ ተሻግሮ፣ ተራምዶ፣ ሌላ ሰልፍ ይዞ፣ ሌላ ትኬት ይቆርጣል። እናት ልጅ አዝላ ዘንቢል ይዛ ይህን ሁሉ ስትሄድ፣ በባቡሩ ያተረፈችው ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። የአውቶቡሱ ፌርማታ ባቡሩ ጣቢያ አፍ ላይ እንዲሆን ማድረግና ትኬቱን አንድ ማድረግ ከዋሻና ከድልድይ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው። የሚከብደው መሥሪያ ቤቶችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጡ ነው።

አጥሩም እንዲሁ ነው። ባቡሩ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ ለደኅንነት ሲባል ይታጠራል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ትናንት በሁለት ደቂቃ ተሻግሮ ገበያ ይሄድ የነበረ ሰው ዛሬ መሻገሪያ ፍለጋ ሩቅ ይዞራል። ጎረቤት ከጎረቤት ይለያያል፤ የባለሱቁ ደንበኛ ይቀንሳል። መሻገሪያ በየስንት ሜትር ይኑር የሚለው በንድፉ ላይ ትንሽ መስመር ናት፤ ሰፈሩ ግን ዕድሜ ልኩን የሚኖርባት ናት።

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከባቡሩ ጣቢያ አጠገብ የምትሆኑ ካላችሁ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል በአንድ አቅጣጫ የሚያልፉትን ባቡሮች ቁጠሩ። ሜክሲኮ ወይም ለገሀር ከሆናችሁ የሁለቱም መስመሮች ባቡር እንደሚያልፍባችሁ አትርሱና የአያቱን ከቃሊቲው ለዩ። ያገኛችሁትን በ286 አባዙት፣ 60ንም በሱ አካፍሉት፤ ውጤቱን ከጣቢያው ስም ጋር ጽፋችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ አውቶቡስ የብቻ መንገድ ስናወራ ቁጥሮቻችሁን እናነባለን። ደኅና እደሩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)